ጀበና በሸራ ጀልባ ላይ

ከአናፖሊስ እስከ ሴንት ማይክልስ በመኪና ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በ1952 የተከፈተውን፣ በ1973 ደግሞ አጠገቡ ሌላ የተጨመረለትን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞ ማዶ መውጣት፣ ትንሽ ነድቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ አለቀ። በሸራ ጀልባ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ያውም ነፋሱ ደስ ካለው ነው።

በውኃ ርቀቱ ወደ 25 የባሕር ማይል፣ ማለትም 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አነስተኛ የሸራ ጀልባ ደህና ነፋስ አግኝታ ብትፈጥን 5 ኖት ብትሄድ ነው፤ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ከምናምን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡03፡59 በጨረሰበት ፍጥነት ውኃ ላይ መሮጥ ቢችል ኖሮ፣ እኩል ተነሥተን እሱ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ ተነሥቶ ይጠብቀን ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሰው በገዛ ራሱ አይነሣም፤ ይለመናል። የለመኑን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል። አሜሪካኖቹ በ1962 ለአገራችን ባስተላለፏት፣ “ኢትዮጵያ” በተባለችው ትልቅ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ አገልግለዋል። ባሕር ኃይል ነበሩ ሲባል ሰው ሁሉ ነጭ ለብሰው፣ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አድማስ ሲቃኙ ነው የሚያያቸው። እሳቸው የሚያስታውሱት ግን ናፍጣ፣ ጩኸት፣ በምፅዋ ሙቀት ላይ የተጨመረ የሞተር ሙቀት ነው። “ባሕር ላይ ነበሩ ይሉኛል። እኔ የነበርኩት ከባሕር በታች ነው። ውኃውን የማውቀው በብረት ግድግዳ አሻግሬ ነው” ይላሉ። መርከቧ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህኛው ጋሼ አይናገሩም።

ጡረታ እንደወጡ “የቀረውን ዕድሜ እንኳ ከላይ ሆኜ ልየው” ብለው ባለ 30 ጫማ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዙ። ርካሽ ነበረች። ያገለገለ ጀልባ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ከተገዛ በኋላ ነው፤ ለማሠሪያ ቦታው ኪራይ፣ ከውኃ አውጥቶ ሆዷን ለማስፋቅና ለማስቀባት፣ ለሸራው፣ ለገመዱ፣ ለማይታወቀው ነገር ሁሉ። ባለቤታቸው እትዬ “ለዚች የወጣው ብር ለልጅ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ስፔሻሊስት ሐኪም ነበር” ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን የስንቁን ዘንቢል ወደ ጀልባዋ እያቀበሉ ነው።

ከእኔ ሌላ የተለመነው አንድ ጓደኛችን ነው። ይህ ሰው የባሕር በር ሊቅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ተቀምጦ ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ፣ ስለ ቀይ ባሕር ያልተናገረበት ቅዳሜ የለም። ባሕሩ ከተቀመጠበት ወንበር በመኪና 45 ደቂቃ ነው። ሄዶ እግሩን ነክሮ አያውቅም። ጋሼ ክርክሩን አንድ ቀን ሙሉ ሰምተው ሲጨርሱ “መዋኘት ትችላለህ?” ብለው ጠየቁት። ያን ዕለት ከካፌው ቀደም ብሎ ነው የወጣው።

ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። እትዬ እስከ 6 ሰዓት የሚፆሙ ሰው ስለሆኑ ዘንቢሉ ታስሮ ጓዳ ገባ፤ ሽሮ ፍርፍር፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጀበና፣ ሲኒ። ጋሼ በበኩላቸው የሕይወት አድን ጃኬት አደሉንና የሽንት ቤቱን ትምህርት ሰጡን።

ይህ ትምህርት መዘለል የለበትም። የጀልባ ሽንት ቤት ቁም ሣጥን ያክላል። በሩን ለመዝጋት መጀመሪያ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከጎን የእጅ ፓምፕ አለ፤ ከፓምፑ በላይ አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች። ማንሻዋን ወደ አንድ በኩል አድርገህ ፓምፑን ስትገፋና ስትስብ የባሕር ውኃ ይገባል፤ ወደ ሌላው መልሰህ ስትደግም የገባው ሁሉ ወደ ማጠራቀሚያ ታንከር ይሄዳል። ማንሻዋን መመለስ የረሳ ሰው ባሕሩን ወደ ጀልባው እየጋበዘ ነው። ወረቀት አይገባም። የባሕረኞቹ ሁሉ ሕግ ነው፤ በአፍ አልፎ ያልመጣ ነገር እዚያ ውስጥ አይጣልም። እትዬ ለዚህ ሁሉ መፍትሔያቸው ቀላል ነው፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውኃ አይጠጡም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሣን። አናፖሊስ የባሕር ከተማ ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ በ1845 የተመሠረተው እዚያ ነው። ወደቡ ዳር ደግሞ የ“ሩትስ” ደራሲ አሌክስ ሄሊ በነሐስ ተሠርቶ፣ መጽሐፍ ይዞ ለሦስት ሕፃናት ሲያነብ ተቀምጧል፤ የ“ሩትስ” ባለታሪክ የኩንታ ኪንቴ መታሰቢያ ነው። ከወደቡ በሞተር ወጣንና ሸራው ሲወጠር ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። “ከዚህ በኋላ ሞተር የለም። እኔ ሞተር ጠግቤያለሁ” አሉ። ጸጥታው ደስ ይል ነበር፤ ለሩብ ሰዓት ያህል።

ነፋሱ ከደቡብ ነበር። መንገዳችንም ወደ ደቡብ ነበር። የሸራ ጀልባ ደግሞ ፊት ለፊት ወደሚመጣ ነፋስ መሄድ አትችልም። የምትችለው ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ እንደሚገባው ነው፤ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ዞር ብሎ ስለ መንገዱ፣ በመጨረሻ ስለ ልጅቱ። 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ይኬዳል፣ ከዚያ ይዞርና ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። በስልኬ ካርታ ላይ ያለፍንበትን ሳየው አንድ ሰዓት ሙሉ ስንሮጥ ቆይተን የተጠጋነው ጥቂት ነው።

በእያንዳንዱ መዞር ላይ ሥራ ነበረኝ፤ ዊንች። ዊንች ማለት ጀልባዋ ጎን ላይ የተተከለ፣ ገመድ የሚጠመጠምበት የብረት ከበሮ ነው። ገመዱ ሦስት ጊዜ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞረዋል፤ ጫፉ ይጎተታል፤ ሲከብድ እጀታው ይገባና ይሽከረከራል። ሸራው ነፋስ ከያዘ በኋላ በዚያች ገመድ ላይ ያለው ጉልበት የሰው ጉልበት አይደለም፤ ጣትህ በገመዱና በከበሮው መሐል ከተገኘች ያንተ መሆኗ ይቀራል። ጋሼ “ጣት!” ይላሉ፤ እጄን አርቃለሁ። ቀጥሎ “ጎንበስ!” ይላሉ፤ ሸራውን ከሥር የያዘው አግድም ምሰሶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጭንቅላታችን ባለበት ከፍታ ያልፋል። ወዳጃችን በክርክር ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። በመጀመሪያው “ጎንበስ!” ላይ ግን ማስረጃ አልጠየቀም።

ቼሳፒክ ሰፊ ነው፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይደርሳል። ቶማስ ፖይንት የተባለው የመብራት ቤት ጋ ስንደርስ ወዳጃችን ዝም አለ። ይህ መብራት ቤት ከ1875 ጀምሮ ባሕሩ መሐል በብረት እግሮች ላይ የቆመ፣ ስድስት ጎን ያለው ነጭ ቤት ነው፤ ቀይ ጣሪያ፣ መስኮት፣ በረንዳ፣ ሁሉም አለው። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። ወዳጃችን ግን የሚያየው ባልዲውን ነበር።

የባሕር ሕመም የሚነሣው በውስጥ ክርክር ነው። ዐይን ጓዳውን እያየ “ምንም አልተንቀሳቀስንም” ይላል፤ የጆሮ ውስጥ ሚዛን “ኧረ እየተወዛወዝን ነው” ይላል፤ ሁለቱ ሲካረሩ ጨጓራ ጣልቃ ይገባና ውሳኔ ይሰጣል። ጋሼ “አድማሱን እይ” አሉት፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ዐይንም ጆሮም አንድ ነገር ይስማሙ ዘንድ። እትዬ ደግሞ “ዝንጅብል አኝክ፣ ጤና አዳም አሽትት፣ ሎሚ ላስ” አሉት። የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፤ ምናልባት ሁሉንም ከማድረግ መዳን ይሻላል ብሎ ይሆናል።

እሱ ቀና ባለ ሰዓት አንድ መርከብ መጣ። ወደ ባልቲሞር የሚወጣ፣ መኪና የጫነ፣ መስኮት የሌለው ግዙፍ ሕንፃ ነው እንጂ መርከብ አይመስልም። ጋሼ ገና ከሩቅ ሲያዩት መሪውን አዞሩ። ወዳጃችን ሕግ ሲነሣ ነፍስ ይዘራል፤ “ጋሼ፣ ባለ ሞተር ለባለ ሸራ ቅድሚያ መስጠት የለበትም እንዴ? አንብቤያለሁ” አለ።

“አለበት።”

“ታዲያ ለምን እንሸሻለን?”

“በሰፊው ውኃ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው፤ ክብደቱ ከእሱ ጋር። በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ግን ሕጉም ክብደቱም ከእሱ ጋር ነው” አሉ ጋሼ። ለትልልቆቹ መርከቦች ተብሎ የተቆፈረ 15 ሜትር ያህል የሚጠልቅ መስመር አለ፤ መርከቡ ከዚያ መውጣት አይችልም፣ ትንሽ ጀልባም እዚያ ውስጥ መንገድ ልትዘጋበት አይፈቀድላትም። መርከቡ አለፈ። ጋሼ ቆመው የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ሸራቸውን ማየት ቀጠሉ።

6 ሰዓት ሲሆን እትዬ ጓዳ ወረዱ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ዘምማ ነበር። በዚህ ሁኔታ ጓዳ ውስጥ ሰው የሚቆመው ግማሽ በወለሉ ግማሽ በግድግዳው ላይ ነው። የጀልባ ምድጃ ግን ብልሃት አለው፤ በሁለት ጎኑ ብቻ ተንጠልጥሎ የተገጠመ ስለሆነ ጀልባዋ ስትዘም እሱ እየተወዛወዘ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ድስት እንዳይንሸራተት የሚያጣብቁ ሁለት የብረት ክንዶች አሉት። እትዬ በክንዶቹ የጀበናውን ሆድ አጣበቁት። ማቶቱን ወለሉ ላይ ረገጡት፤ ሲኒዎቹን ከነረከቦቱ እቃ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጡ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ምሰሶው፣ እኛ፣ ሁላችንም ዘምመናል፤ በዚያች ጀልባ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ነገር ቢኖር ጀበናው ነበር።

ዕጣኑን ጋሼ ከለከሉ። የምድጃው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይበንም፣ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል፤ አንዲት ፍም ይጠብቃል። እትዬ “ያለ ዕጣን ቡና?” ብለው አጉረመረሙ። ግን አቦሉን አንድ በአንድ እየቀዱ፣ ሲኒውን ከእጅ ወደ እጅ እንጂ መሬት ሳያስነኩ አቀበሉን። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ወዳጃችን እንኳ በሽታው ሳይብስ ጠጣ። ከእኛ አጠገብ በምታልፍ ሌላ የሸራ ጀልባ ላይ የነበሩ ፈረንጆች ሽታው ደርሷቸው መሰለኝ እጃቸውን አውለበለቡ።

ቶናው ላይ ነፋሱ ሞተ።

በስተምሥራቅ ያለውን ምድር ደቡባዊ ጫፍ ዞረን ኢስተርን ቤይ የሚባለው ክንድ ውስጥ ገብተን ነበር። ሸራው ተንጠለጠለ። ውኃው ለጥ አለ። የነሐሴ ቼሳፒክ ጠባዩ ነው፤ ጠዋት ይነፍሳል፣ ከሰዓት ይተኛል፣ ማታ ይቆጣል። ዝንቦቹ መጡ፤ የሚናከሱ ናቸው፣ በተለይ ቁርጭምጭሚት ይወዳሉ፣ ካልሲም አይበግራቸው። እትዬ ነጠላቸውን ጭራ አደረጉት። ዙሪያችን የሸርጣን አጥማጆች የጣሏቸው ባለ ቀለም ተንሳፋፊዎች ሞልተዋል፤ እያንዳንዱ ከሥሩ ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ የሽቦ ወጥመድ አለው። በቀስታ እየተንሳፈፍን በቀስታ እንሸሻቸዋለን። ከአንዱ ለማምለጥ ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ በመጨረሻም እሱ ነው ያለፈን ቢባል ይቀላል።

“ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሡት” አለ ወዳጃችን።

“ነፋስ ይመጣል።”

“መቼ?”

“ነፋስ ቀጠሮ አይሰጥም።”

ሥራ ፈት ሰው ዳርቻ ያያል። ማዶ የሚታየው የታልበት ካውንቲ ምድር ነው። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1818 በባርነት የተወለደው በዚያ ካውንቲ ነው። በ16 ዓመቱ ግድም ከሴንት ማይክልስ ብዙም የማይርቅ፣ ባሮችን በግርፋት “በመግራት” የታወቀ ገበሬ ዘንድ ተከራይቶ ተሰጠ። እሑድ እሑድ ዳርቻው ላይ ቆሞ በቼሳፒክ የሚያልፉትን ነጫጭ ሸራዎች ያይ እንደነበር በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል፤ እነሱ እንደፈለጉ ሲሄዱ እሱ ከመሬቱ ጋር ታስሮ። በ1836 ከጓደኞቹ ጋር ትልቅ ታንኳ ወስደው በዚሁ ውኃ ወደ ሰሜን ሊቀዝፉ ተማከሩ። ነገሩ ተጠቆመና ወኅኒ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያመለጠው በባቡር ነው፤ ግን የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የመርከበኛ ወረቀት ተውሶ። እኔ ይህን ስተርክ ጋሼ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

“እሱ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ አመለጠ። እኔ ደግሞ በዘጠና አንድ አውልቄ” አሉ።

ማንም ምንም አላለም። እትዬ በረካውን አቀረቡ።

10 ሰዓት ሲሆን በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ስልኮቻችን ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ፤ ሬዲዮውም ቀጠለ፤ ነጎድጓድ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ ትንንሽ ጀልባዎች መጠለያ ይፈልጉ። ቀኑን ሙሉ ስንለምነው የነበረው ነፋስ እየመጣ ነው፤ ግን ከልክ በላይ። ምሰሶዋ ከዙሪያው ሁሉ ረጅም የሆነች ጀልባ ላይ መብረቅ መጠበቅ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ጋሼ ሸራውን አውርደው አሠሩ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያልነኩትን ሊነኩ ወደ ታች ወረዱ።

ተከትዬ ወረድኩ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። የደረጃውን ሣጥን አነሡ፤ ከሥሩ ትንሿ የናፍጣ ሞተር ተቀምጣለች። ያለችበት ቦታ ከጠቅላላው ጀልባ ሁሉ ንጹሕ ነው። የዘይቱን መለኪያ መዘዙ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ከተቱ፣ እንደገና መዘዙ፣ ወደ ብርሃን ያዙት። ቀበቶዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አሏት። ስትነሣ መዳፋቸውን ሞተሯ ላይ አሳርፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ። “ሂድና ከኋላ እይልኝ፤ ውኃ ትተፋለች?” አሉኝ። ሄጄ አየሁ፤ ከጭሱ ጋር የማቀዝቀዣውን ውኃ እየተፋች ነው። “ትተፋለች!” አልኩ። “ሦስተኛዋ ሲሊንደር ትንሽ አኩርፋለች፤ ትሰማታለህ?” አሉ። አልሰማሁም። እሳቸው ከዚያ አልወጡም።

ዝናቡ ሲወርድ ከላይ መሪውን የያዙት እትዬ ናቸው። የዝናብ ካፖርት በነጠላቸው ላይ ደርበው፣ ቆመው፣ ኮምፓሱን እያዩ። በአንድ እጃቸው ይነዳሉ፣ በአንዱ ያማትባሉ። ለካ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ጋሼ “ከላይ ሆኜ ልየው” ብለው በገዟት ጀልባ፣ ነገር ሲከር ከላይ የሚሆኑት እትዬ ናቸው። የሸርጣኑን ተንሳፋፊዎች በዝናብ መሐል አንድ በአንድ እየለዩ አለፉ፤ አንዱ ገመድ በሞተሩ ማሽከርከሪያ ላይ ቢጠመጠም ጋሼ ጠልቀው ሊፈቱ ነው፤ በጋሼ ዕድሜ። ወደ ሴንት ማይክልስ የሚያስገባው ወንዝ አፍ ስንገባ “ቀይ በቀኝ፣ አረንጓዴ በግራ” እያሉ ምልክቶቹን ቆጠሩ። ወደ ወደብ ሲገባ እንዲህ ነው ደንቡ። ምልክቶቹ አናት ላይ ዓሣ አዳኝ አሞራዎች ጎጆ ሠርተዋል፤ ከዝናቡ ይልቅ የኛ ነገር የገረማቸው ይመስላሉ።

ሴንት ማይክልስ ስንታሠር ዝናቡ አቁሞ ነበር። ጋሼ ፊታቸው ጥላሸት ነክቶት፣ ቀኑን ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ ፈግገው ወጡ። “ጥሩ ቀን ነበር” አሉ።

ሴንት ማይክልስ ሄዶ ሸርጣን አለመብላት አይሞከርም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል፣ በእንፋሎት የበሰሉት ሸርጣኖች ከነቅመማቸው ወረቀቱ ላይ ይገለበጣሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የእንጨት መዶሻ ይሰጣል። እዚህ ላይ ፍልሰታ ተነሣ። ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ራሱ ገና አላለቀም፤ ሸርጣን ደግሞ ክንፍ የለው፣ ቅርፊቱ የዓሣ ቅርፊት አይደል። እትዬ “ይህ የባሕር ጊንጥ ነው” ብለው ፍርፍራቸውን አወጡ። ጋሼ “መንገደኛ ፆም አይገደድም” አሉና መዶሻቸውን አነሡ።

ወዳጃችን መሬት ሲረግጥ ነፍሱ ተመለሰች። ድምፁም። ነገ በጀልባ እንደማይመለስ፣ መኪና እንደሚጠራ ነገረን፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ ስልኩ ላይ አይቶ ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያ ወረቀቱን ጠረግ አድርጎ የሸርጣን እግሮችን መደርደር ጀመረ። “ተመልከቱ። ይሄ ረጅሙ የባሕሩ ዳር ነው እንበል። ይቺ ምፅዋ። ይቺ፣ ወፈር ያለችዋ፣ አሰብ። አሁን ከታሪክ ብንነሣ...”

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ወፈር ያለችዋን አነሡ፣ በመዶሻ ቸብ አደረጓት፣ ሥጋዋን መዝዘው በሉና “ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው” አሉት።